የባሕር ማዶ ድምፅ ዋጋ፦ ከቂርቆስ ወደ ውጭ አገር ዘመድ የመደወል ታሪክ

መግቢያ

የቴሌፎን ታሪክ በአገራችን ሲጻፍ ዘወትር የሚጀመረው ከቤተ መንግሥት ሲሆን የሚደመደመው በተተከሉት መስመሮች ቁጥር ነው። የመሣሪያው ዓይነት፣ የማዕከሉ አቅም፣ የአዋጁ ቁጥርና የድርጅቱ ስም በየጊዜው መለወጡ በቅደም ተከተል ይዘረዘራል። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ለሙያው አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል፤ ይኸውም ልጇ ባሕር የተሻገረባት እናት የልጇን ድምፅ ለመስማት ምን ይጠየቅባት ነበር? ክፍያው ከቤተሰቡ አቅም በላይ በሆነ ጊዜስ ሰው ምን መላ ፈጠረ? የሚለው ነው።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ሠፈር ላይ አተኩሮ ለመመርመር ይሞክራል። ሠፈሩ ቂርቆስ፣ በተለይም ካዛንቺስ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አልተደረገም። የባቡር ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ መቆሚያው ለገሐር ስለ ሆነ፣ ከውጭው ዓለም የሚመጣውም ወደዚያው የሚሄደውም ሰው በዚህ አካባቢ ያልፍ ነበር። ካዛንቺስ የሚለው ስምም ቢሆን የባሕር ማዶ ትዝታ አለበት፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ያሠራ ከነበረው ‹ኢንቺስ› ከተባለው የጣሊያን ተቋም ቤቶች የመጣ ነው። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቁሞ መቀመጫውን አዲስ አበባ አደረገ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የቆመው ከካዛንቺስ ጫፍ ላይ ነው፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነበር።

በመሆኑም የብዙ አገሮች መልእክተኞች ከየመንግሥቶቻቸው ጋር የሚነጋገሩባቸው መስመሮችና አንድ ስልክ እንኳ የሌላቸው ግቢዎች በጥቂት መቶ ሜትር ልዩነት ጎን ለጎን ኖረዋል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የነበረውን ልዩነት የርቀት ጉዳይ ነው ማለት አይቻልም። ከዚህ በታች እንደሚታየው የባሕር ማዶ ድምፅ ዋጋ ኪሎ ሜትርን ተከትሎ አልተጓዘም፤ የተከተለው የመስመሩን ብዛት፣ የኩባንያዎችን ስምምነትና የመንግሥትን ሕግ ነው።

መስመሩ ከየት ተነሣ

ቴሌፎን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በራስ መኰንን አማካይነት መሆኑ የታወቀ ነው። ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው የመጀመሪያው ረዥም መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። መስመሩ የተዘረጋው ለመንግሥት ሥራ ስለ ነበር የድንበር ወሬ፣ የጉምሩክ ነገርና የሹማምንት ትእዛዝ ይተላለፍበታል እንጂ ዘመድ ከዘመድ ይጠያየቅበታል ተብሎ አልታሰበም። አገሪቱ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1932 ሲሆን፣ በወረራው ዋዜማ ደግሞ በአቃቂ የተተከለው የራዲዮ ጣቢያ ከውጭው ዓለም ጋር ለሚደረገው ግንኙነት በር ከፈተ።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለምም የባሕር ማዶ ንግግር የጥቂቶች ዕድል እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1927 በለንደንና በኒው ዮርክ መካከል የራዲዮ ቴሌፎን አገልግሎት ሲጀመር ለ3 ደቂቃ የሚከፈለው 75 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 የመጀመሪያው የአትላንቲክ የባሕር ውስጥ የቴሌፎን ገመድ ሥራ ሲጀምር የያዘው መስመር 36 ብቻ ሲሆን የ3 ደቂቃው ዋጋ 12 ዶላር ነበር። ርቀቱ ግን ያው ነበር፤ የተለወጠው መሥመሩና የመሥመሩ አቅም ነው። ይህን ምሳሌ ወደ ኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ ልብ እንዲለው እንጠይቃለን።

በኢትዮጵያ ዘመናዊው አደረጃጀት የሚጀምረው በአዋጅ ቁጥር 131/1945 የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በተቋቋመ ጊዜ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1951፣ የዓለም ባንክ ለዚሁ ዘርፍ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ ነበር። ቦርዱ በስዊድናውያን ባለሙያዎች እየታገዘ የከተማ ማዕከሎችን ተከለ፣ የአገር ውስጥ መስመሮችን ዘረጋ። ከባሕር ማዶ ጋር የሚደረገው ንግግር ግን ለብዙ ዓመታት በአጭር ሞገድ ራዲዮ ላይ የተመሠረተ ነበር። አጭር ሞገድ ከከባቢ አየር የላይኛው ንብርብር እየነጠረ ስለሚጓዝ ጥራቱ በቀንና በሌሊት፣ በወቅትና በፀሐይ ጠባይ ይለዋወጣል። ድምፁ እንደ ባሕር ማዕበል አንዴ ይጎላል፣ አንዴ ይሰጥማል። የመስመሮቹም ቁጥር እጅግ ጥቂት ነበር። ጥቂት የሆነ ነገር በዋጋ ወይም በወረፋ ይከፋፈላል፤ የባሕር ማዶ ጥሪ በሁለቱም ተከፋፈለ።

የሦስት ደቂቃ ዘመን

በዚያ ዘመን ባሕር ማዶ ለመደወል የሚፈልግ ሰው ራሱ ቁጥር አይመታም። ወደ ቴሌ ቢሮ ይሄዳል፣ ወይም ስልክ ያለው ከሆነ ለስልከኛዋ ይደውላል፤ አገሩን፣ ከተማውንና ቁጥሩን ተናግሮ ጥሪውን ያስይዛል፤ ከዚያም ይጠብቃል። መስመሩ ሲገኝ ስሙ ይጠራና ወደ ተመደበለት ሣጥን ይገባል። በስልከኛ በሚገናኝ ጥሪ የዓለም ልማድ የነበረው አነስተኛው የክፍያ መጠን 3 ደቂቃ ስለ ነበር፣ አንድ ደቂቃ የተናገረም ሦስት ደቂቃ የተናገረም እኩል ይከፍላል። አራተኛው ደቂቃ የሚፈራ ደቂቃ ነበር።

ሦስት ደቂቃ ለዘመድ ምን ያህል ነው? በእኛ አገር የሰላምታ ሥርዓት የአባት፣ የእናት፣ የአያት፣ የጎረቤትና የከብት ደኅንነት ተጠይቆ ሳያልቅ ሦስት ደቂቃ ያልቃል። ስለሆነም ሰዎች አስቀድመው የሚሉትን በወረቀት ይጽፉ፣ ተራ ይከፋፈሉ፣ «ማልቀስ የለም» ተባብለው ይማማሉ ነበር። መሐላው ግን ብዙ ጊዜ አይጠበቅም፤ ውድ የሆነው ደቂቃ በዝምታና በሳግ ያልፋል።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን በስደት ወደ ሱዳን፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ በወጡ ጊዜ የባሕር ማዶ ጥሪ ፈላጊው በዛ። በአንጻሩ ድምፅን በግልጽ መስመር ላይ ማሰማት ለአንዳንዱ ቤተሰብ የሚያስፈራ ነገር ሆነ። በዚህ ጊዜ ከቴሌፎን ውጭ የሆነ መንገድ ተስፋፋ፤ ይኸውም ድምፅን በካሴት ቀድቶ በመንገደኛ እጅ መላክ ነው። ካሴቱ የ60 ወይም የ90 ደቂቃ ነበር። ከሦስት ደቂቃ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ አዳራሽ ማለት ነው። ሽማግሌው ይመርቁበታል፣ ልጆች ይዘምሩበታል፣ የቤቱ ድመት ሳትቀር ድምፅዋ ይገባበታል። ጉድለቱ መልሱ እስኪመጣ ወራት መፍጀቱ ነው።

የቴክኒክ ለውጥ የመጣው በ1971 ዓ.ም. የሱሉልታ የሳተላይት ምድር ጣቢያ ሥራ ሲጀምር ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚቆም ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ ለመውረድ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ መልሱም እንዲሁ። በዚህ ምክንያት «እንዴት ነሽ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግማሽ ሴኮንድ ያህል ዝምታ ሰምቶ «አልሰማሽኝም ወይ?» ይላል፤ በዚያው ቅጽበት መልሱ ይደርስና ሁለቱ ድምፆች ይጋጫሉ። የካዛንቺስ እናቶች የመዘግየቱን ስሌት ባያውቁትም ዘዴውን ተማሩ፤ ጠይቆ መጠበቅ፣ ሰምቶ መናገር። ሱሉልታ ጥራቱንና የመስመሩን ቁጥር አሻሻለ። ዋጋው ግን ከአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ጋር ሲመዛዘን ከባድ እንደ ሆነ ቀረ።

ጎረቤትና ቴሌፎን

የመስመር እጥረቱ የአገር ውስጥም ችግር ነበር። እስከ 1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በኢትዮጵያ ለ100 ሰው 1 የቴሌፎን መስመር እንኳ አይደርስም። አዲስ መስመር ለማስገባት ተመዝግቦ ዓመታት መጠበቅ የተለመደ ነበር። ስለዚህ በካዛንቺስ ግቢዎች ስልክ ያለው ቤት የብዙ ቤቶች ስልክ ነበር። ስድስት አኃዝ ያለውና በ51 የሚጀምረው ቁጥር (በ1998 ዓ.ም. መባቻ የቁጥር ለውጥ ሲደረግ 551 የሆነው) በጅዳ፣ በቤይሩትና በዋሽንግተን በብዙ ሰዎች ማስታወሻ ደብተር ላይ ተጽፎ ይገኝ ነበር፤ የቁጥሩ ባለቤት ግን ከደብተሮቹ ባለቤቶች አብዛኞቹን በመልክ ብቻ ያውቃል።

ይህ ጸሐፊ ባደገበት ግቢ ስልኩ ዳንቴል ለብሶ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር። መደወያው ላይ ትንሽ ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፤ ቁልፉ የሚከለክለው መደወልን እንጂ መቀበልን አልነበረም። የባሕር ማዶ ጥሪ ሲመጣ አነጋገሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ከቤይሩት ነው የምደውለው፤ እማዬን ያስጠሩልኝ፤ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ መልሼ እደውላለሁ።» እትዬም «በይ ዝጊው፣ ገንዘብሽን አትጨርሺ» ብለው አንዱን ልጅ ይልካሉ። ልጁ ይሮጣል፣ እናት ነጠላቸውን እያጣፉ ይመጣሉ፣ ስልኩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ይህን ሥርዓት በመሐንዲስ ዓይን ያየው ሰው ሙሉ የግንኙነት ደንብ መሆኑን ይገነዘባል። የመጀመሪያው አጭር ጥሪ ምልክት መስጫ ነው፤ ልጁ ምልክቱን ወደ ተፈላጊዋ ያደርሳል፤ ውዱ መስመር የሚያዘው ሁለቱ ወገኖች ከተዘጋጁ በኋላ ብቻ ነው። የማስጠራቱ ዐሥር ደቂቃ በደዋይዋ ሒሳብ ላይ አይወድቅም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው የአባቶች አባባል በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ትርጉም አገኘ፤ የሩቁ ዘመድ የሚገኘው በቅርቡ ጎረቤት በኩል ነበርና። ለዚህ አገልግሎት የሚከፈል ታሪፍ አልነበረም፤ ውለታው ግን በቡና፣ በለቅሶና በድግስ ይመለሳል።

የዋጋው ምሥጢር

የባሕር ማዶ ጥሪ ለምን ይህን ያህል ውድ ሆነ? መልሱ በሁለት ኩባንያዎች መካከል በሚደረግ ስምምነት ውስጥ ይገኛል። የደዋዩ አገር ኩባንያ ከደንበኛው ሙሉ ዋጋውን ይሰበስባል፤ የተቀባዩ አገር ኩባንያ ደግሞ ጥሪውን እስከ ተጠሪው ቤት ስላደረሰ ድርሻ ይጠይቃል። በልማዱ ሁለቱ ወገኖች አንድ የደቂቃ መነሻ ዋጋ ይስማሙና እኩል ይካፈሉታል። ለምሳሌ ያህል የመነሻው ዋጋ 2 ዶላር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ደቂቃ ከደዋዩ አገር ወደ ተቀባዩ አገር 1 ዶላር ያሻግራል ማለት ነው። ደዋዩ ከዚያ በታች ሊከፍል አይችልም።

በእኛ አገር ሁኔታ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚመጣው ጥሪ ከውስጥ ወደ ውጭ ከሚወጣው ይበዛ ነበር፤ ውጭ ያለው ዘመድ የተሻለ ገቢ ስላለው እርሱ ይደውላል። ስለሆነም የመነሻው ዋጋ ከፍ ማለት ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ሆነ። በዚህ ላይ በቅን ልቡና የሚቀርብ መከራከሪያ አለ፦ ገንዘቡ የገጠር መስመር ይዘረጋበታል፣ ማዕከል ይገዛበታል፣ ከሀብታም አገር ኩባንያ የሚሰበሰብም ነው። ይህ ክርክር ከፊል እውነት አለው። ግን ከፋዩ ማን እንደ ነበር መመልከት ያሻል። በዋሽንግተን መኪና የሚያቆመው ወይም በቤይሩት በሰው ቤት የምታገለግለው ኢትዮጵያዊት ናት። ኩባንያው ያሻገረው ዶላር ከእርሷ ኪስ የወጣ ነው። ስለዚህ ለመስመር ማስፋፊያ የዋለው ገንዘብ በከፊል ከስደተኛው የናፍቆት ደቂቃ ላይ የተሰበሰበ ግብር ነበር ማለት ይቻላል፤ ግብር መሆኑን ግን ማንም አልነገራትም።

እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የአገሩ ኩባንያዎች ለውጭ ኩባንያዎች በደቂቃ የሚከፍሉት ድርሻ ላይ ጣሪያ አበጀ። ለከፍተኛ ገቢ አገሮች 15 ሳንቲም፣ ለመካከለኛ ገቢ 19፣ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች 23 የአሜሪካ ሳንቲም ሆነ። ለ100 ሰው 1 መስመር ለማይደርሳቸው አገሮች የመጨረሻው ጊዜ እስከ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2003 ተራዘመ። ውሳኔው በብዙ ድሃ አገሮች ዘንድ ቅሬታ አስነሣ፤ አንዱ መንግሥት ለሌላው ዋጋ ሊተምን አይገባውም ተባለ። ያም ሆነ ይህ የድምፅ ዋጋ በድርድር የሚሠራ እንጂ በተፈጥሮ የተወሰነ አለመሆኑ በዚህ በግልጽ ታየ።

የሕዝብ መላ

ሕዝቡ የድርድሩን ፍጻሜ አልጠበቀም። የመጀመሪያው መላ ሰዓት መምረጥ ነው። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል እንደ ወቅቱ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት አለ። የአሜሪካ ኩባንያዎች በሌሊትና በእሑድ ዋጋ ይቀንሱ በነበረበት ዘመን፣ በዚያ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲደወል እዚህ ሊነጋጋ ሲል ነው። በሌሊት የሚጮኽ ስልክ መርዶ ነው ወይስ ቅናሽ? የሚለው ጥርጣሬ የብዙ ቤተሰብ ድንጋጤ ነበር።

ሁለተኛው መላ ሳያነሡ መግባባት ነው። አንድ ጊዜ ጮኾ ከተቋረጠ «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ገንዘቡ ተልኳል» ማለት እንዲሆን አስቀድሞ ይወሰናል። ያልተመለሰ ጥሪ ስለማይከፈልበት መልእክቱ በነጻ ያልፋል። በ1991 ዓ.ም. የሞባይል አገልግሎት በአዲስ አበባ ከተጀመረ በኋላ ይህ ልማድ ‹ሚስኮል› የሚል ስም አገኘ። በዓለም ዙሪያም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መልሶ የመደወል አገልግሎት የሚሸጡ የአሜሪካ ኩባንያዎች ይህንኑ ዘዴ ለንግድ አውለውታል፤ ደንበኛው አሜሪካ ወዳለ ቁጥር ደውሎ ይዘጋል፣ ኮምፒውተሩ መልሶ ይደውልና በአሜሪካ ዋጋ ያገናኘዋል። የጎረቤታችን የማስጠራት ደንብና የእነርሱ ኮምፒውተር መሠረተ ሐሳብ አንድ ነው።

ሦስተኛው የስልክ ካርድ ነው። በዋሽንግተን፣ አዳምስ ሞርጋን በተባለው ሠፈርና ኋላም በዘጠነኛው መንገድ አካባቢ ባሉ የሐበሻ ሱቆች ካርዱ ከእንጀራና ከበርበሬ ጎን ይሸጥ ነበር። ካርዱን ያወጣው ኩባንያ የደቂቃ ብዛት በጅምላ እየገዛ በችርቻሮ ይሸጣል። ሥጋቱ በማስታወቂያው የተጻፈው ደቂቃና በተግባር የሚገኘው ደቂቃ መለያየቱ ነው፤ የማገናኛ ክፍያ፣ የሳምንት ክፍያና ደቂቃን ወደ ላይ ማጠጋጋት ሒሳቡን ይበሉታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በዚህ ምክንያት አንዳንድ የካርድ ነጋዴዎችን ፍርድ ቤት አቁሟል።

አራተኛው መላ ኢንተርኔት ነው። አገልግሎቱ በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከተጀመረና የኢንተርኔት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ፣ በማይክሮፎንና በጆሮ ማዳመጫ ከውጭ አገር ጋር መነጋገር እንደሚቻል ወጣቱ ወዲያው ተረዳ። ሆኖም የቴሌኮሙኒኬሽን ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም መጠቀምንም ከለከለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ አገልግሎቱን ለሚሰጥ ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ለሚገለገልበት ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እስራት ደነገገ። በዚያ ወቅት ስካይፕ ተከለከለ የሚል ወሬ በዓለም ጋዜጦች ተሠራጭቶ፣ መንግሥት ክልከላው ለግል መነጋገሪያ ሳይሆን ጥሪን ለሚሸጡ መሆኑን ገልጿል። ወሬው ግን ልጁን በኮምፒውተር የሚያነጋግረውን ሰው ሁሉ አስደንግጦ አልፏል።

ከእነዚህ ሁሉ ሲም ቦክስ የሚባለው የተለየ ነው፤ የቤተሰብ መላ ሳይሆን ንግድ ነውና። ከውጭ የተነሣው ጥሪ በኢንተርኔት ተጉዞ አዲስ አበባ ወዳለ፣ ብዙ ሲም ካርዶች ወደ ተሰኩበት ሣጥን ይደርሳል፤ ሣጥኑም እንደ አገር ውስጥ ደዋይ ሆኖ ለተጠሪው ይደውላል። እናት በስልካቸው መስታወት ላይ የሚያዩት የውጭ አገር ቁጥር ሳይሆን በ09 የሚጀምር ነው። ይህ ንግድ ትርፍ የሚያገኘው በዓለም አቀፉ የመቀበያ ዋጋና በአገር ውስጡ ታሪፍ መካከል ካለው ክፍተት ነው። ወንጀልነቱ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ለመሐንዲስ የሚናገረው ነገር አለ፦ ክፍተቱ በሰፋ መጠን ሣጥኑ ይበዛል፤ በጠበበ መጠን ይጠፋል።

ድምፅ ወደ ዳታ ሲለወጥ

የመጨረሻው ለውጥ የመጣው የባሕር ውስጥ የፋይበር ገመዶች የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ በነኩ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ነው። ኢትዮጵያ ወደብ ባይኖራትም በጎረቤት አገሮች በኩል፣ በተለይም በጅቡቲ፣ ከገመዶቹ ጋር ተገናኘች። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ፤ ዘመናዊ ስልኮችም በየእጁ ገቡ። ቫይበር፣ ኢሞ፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም የሚባሉት መገልገያዎች፣ በተለይም ኢሞ በዐረብ አገሮች ባሉ እኅቶቻችንና በቤተሰቦቻቸው መካከል፣ ከቴሌፎን ይልቅ የተለመዱ ሆኑ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በመደበኛው ዲጂታል ማዕከል አንድ የድምፅ መስመር በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ይይዛል። በተጨመቀ አሠራር ድምፁ ራሱ ወደ 8 ኪሎቢት ይወርዳል፤ የአድራሻ ሸክሙ ሲጨመር በአንድ አቅጣጫ 24 ያህል ይሆናል። በሁለቱ አቅጣጫ የአንድ ደቂቃ ንግግር 360 ኪሎባይት፣ የ10 ደቂቃ ደግሞ 3.6 ሜጋባይት ገደማ ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 በመቶ፣ የሞባይል ድምፅን በ40 በመቶ ሲቀንስ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛው አቅራቢ ሆኖ በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር፣ የባሕር ማዶ ደቂቃ ከዕለት ወጪ ጎን ሊጠቀስ የማይችል ሆነ። ከ1927ቱ የለንደን ዋጋ ጀምሮ የተመለከትነው ነገር ተደገመ፤ ርቀቱ ያው ሲሆን መስመሩ ስለ በዛ ዋጋው ወደቀ።

የሚዘጋው በር

ይሁን እንጂ ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ ተፈጽሟል ማለት ስሕተት ነው። ርካሹ ድምፅ በኢንተርኔት ላይ የቆመ ስለሆነ ኢንተርኔት ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔቱ በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቷል። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦ፣ በመካከሉ ለጥቂት ወራት በከፊል ተመልሶ፣ ዳግም ጠፍቶ፣ የመቀሌ የስልክ መስመር የተከፈተው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነው። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በእነዚያ ወራት የዘመዱን በሕይወት መኖር ለማወቅ የፈለገ ስደተኛ ምንም ዓይነት ዋጋ ሊከፍል ፈቃደኛ ቢሆን እንኳ የሚገዛው ደቂቃ አላገኘም፤ ሦስት ደቂቃም ቅንጦት ሆነበት።

ሁለተኛው ችግር ዕድሜ ነው። የቁልፍ ስልክ ብቻ የሚይዙ አረጋውያን አሁንም ብዙ ናቸው። ለእነርሱ የሚደወለው በመደበኛው የባሕር ማዶ ጥሪ ነው፤ ያም ከዳታው ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው። ወይም የልጅ ልጅ ስልኩን ይዞ እስኪመጣ ይጠበቃል። ያ የልጅ ልጅ የዱሮው የተላላኪ ልጅ ምትክ ነው።

ሦስተኛው ሠፈሩ ራሱ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት አብዛኛው የካዛንቺስ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው በከተማዪቱ ዳርቻዎች ወዳሉ የተለያዩ መንደሮች ተዛወረ። ከግድግዳው ጋር የግድግዳው የስልክ ገመድ ተነሣ፤ በ551 የሚጀምረው ብዙ ቁጥርም ዝም አለ። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው የሰው መረብ መበተኑ ነው። ባለ ስልኳ ጎረቤት፣ ተላላኪው ልጅና የሚጠሩት እናት አሁን በተለያዩ አውቶቡስ መስመሮች ላይ ይኖራሉ። ነገ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ከባሕር ማዶ የሚደወልለት፣ «እስኪ እማዬ ደኅና መሆናቸውን ይዩልኝ» የሚባለው ሰው ማን ነው?

ለሙያ ባልደረቦች

ከዚህ ታሪክ ለሥራችን የሚጠቅሙ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ ብለን እናምናለን። አንደኛ፣ አገልግሎት ሲነደፍ ሒሳቡ መሠራት ያለበት ከሁለቱ ተነጋጋሪዎች በድኻው ወገን በኩል ነው፤ ደዋይዋ በቤይሩት፣ ተጠሪዋ በቁልፍ ስልክ ላይ መሆናቸውን አስቦ። ሁለተኛ፣ ተራው የድምፅ መስመር ለዳታው ተጠባባቂ ሆኖ በተመጣጣኝ ዋጋ ሊኖር ይገባዋል፤ የባሕር ማዶ ጥሪ ጥቅሎች በዚህ ረገድ የሚበረታቱ ናቸው። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት እሳት ሲነሣ አደገኛ መሆኑን ለሕንፃ መሐንዲስ መንገር አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ በመቀበያ ዋጋና በአገር ውስጥ ታሪፍ መካከል ያለውን ክፍተት ማጥበብ ከፖሊስ ይልቅ ሲም ቦክስን ያከስማል።

ከዚህም ሌላ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ጥሪ ያስይዙ የነበሩት ስልከኞች፣ በሱሉልታ ያገለገሉት ቴክኒሽያኖችና በየግቢው ስልካቸውን ለሠፈር ያካፈሉት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። የቤቶቹ መፍረስ የእቃዎቹን መጥፋት አፋጥኗል፤ አሮጌ የቴሌ ደረሰኝ፣ የስልክ ማውጫ መጽሐፍ፣ ቁጥር የተጻፈበት ደብተር በየፌስታሉ ተጠቅልሎ ወደ አዲሱ ቤት ተጉዟል፣ ወይም በቆሻሻ ወጥቷል። አባላት በየአካባቢያቸው ያለውን ደረሰኝ እንዲያሰባስቡ፣ የአረጋውያኑንም ቃል በድምፅ እንዲቀዱ፣ ማኅበሩም የሚቀመጥበትን ቦታ እንዲያዘጋጅ እንጠይቃለን። የአንድ ደቂቃ ዋጋ በየዓመቱ ስንት እንደ ነበር በትክክል የሚነግሩን እነዚያ ወረቀቶች ናቸው፤ ስለ ምን እንደ ተከፈለ የሚነግሩን ደግሞ ሰዎቹ ናቸው።